ዜና ሎካቴሊ፤ ከኢማኛ ሸለቆ እስከ ቦናያ ሜዳ

በኢሉባቦር፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሁሩሙ የምትባል የቡና አገር አለች። በዚያ አገር ሰው ስሙን ሲጠየቅ የራሱን ይናገራል፤ «የማን ልጅ?» ሲባል የአባቱን፣ አጥብቀው ሲጠይቁት የአያቱን ይጨምራል። የጎሳውን ሐረግ የሚያውቅ ሽማግሌ ከሆነማ ጠያቂው እስኪደክም ድረስ ወደ ላይ ይቆጥራል። የአባት ስም ከልጁ ጋር ይኖራል፤ በልጅ ልጁ ጊዜ ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚሻገር የቤተሰብ ስም ይዘው ወደዚህ ምድር የመጡት ፈረንጆች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በ1928 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ በአውሮፕላን የመጣ አንድ ሰው ነበረ፤ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይባላል። ይህ ዜና የእርሱና የስሙ ነው።

የስሙ ነገር እንዲህ ነው። በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሎምባርዲያ፣ ከቤርጋሞ ከተማ በላይ ኢማኛ የሚባል የተራራ ሸለቆ አለ፤ በሸለቆውም ውስጥ ሎካቴሎ የምትባል መንደር አለች። ዛሬም ቢሆን ነዋሪዋ ሺህ አይሞላም። መሬቱ ዳገት ስለሆነ ልጆቿ ከጥንት ጀምረው ወደ ቤርጋሞና ወደ ሜዳው አገር ይወርዱ ነበር፤ በሄዱበትም ሁሉ በመንደራቸው ስም ተጠሩ። መንዜው፣ ጎንደሬው፣ ይፋቴው እንደሚባለው ማለት ነው። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ቅጽል ከሰውየው ጋር ማለፉ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ልጅም የልጅ ልጅም ወረሰው። በመጨረሻውም ፊደል ላይ የብዙ ቁጥር ምልክት ገባና ሎካቴሊ ሆነ፤ በእኛ አነጋገር «እነ ሎካቴሎ» እንደ ማለት። ከዚያው ሸለቆ፣ ሮታ ከምትባለው መንደር የወጡትም በዚያው መንገድ ሮታ ተባሉ፤ ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ ቤርጋሞን ሞልተዋታል።

እንዲህ ያለውን ቅጽል ያጸናው መዝገብ ነው። እ.አ.አ. በ1563 የተፈጸመው የትሬንቶ ጉባኤ የየአጥቢያው ቄስ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፤ ዓላማውም ዘመዳሞች ሳይተዋወቁ እንዳይጋቡ ለመከላከል ነበር። ሉካ የፒዬትሮ ልጅ በአንድ አጥቢያ አሥር በሚሆንበት አገር ቄሱ አንዱን ከሌላው መለየት ነበረበትና የቤተሰቡን መጠሪያ ጻፈ። አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ስሙ ሰውየው ቢከብርም ቢደኽይም አልተለወጠም። ጸጉረ ቀዩ ሮሲ ሆነ፤ ልጆቹ ጥቁር ጸጉር ይዘው ቢወለዱም ሮሲ ናቸው። ብረት ቀጥቃጩ ፌራሪ ተባለ። በእኛ አገር «ቀጥቃጭ» ስድብ ሆኖ ሲኖር፣ በዚያ ግን የዚሁ ሙያ ስም በዓለም ላይ ውድ በሆነው መኪና ግንባር ላይ መለጠፉ የዘመን ፌዝ ነው።

ሎካቴሊ የሚለውን ስም መጀመሪያ ከአገሩ ውጭ ያስጠራው ወታደር ሳይሆን የሙዚቃ ሰው ነበረ። ፒዬትሮ አንቶኒዮ ሎካቴሊ እ.አ.አ. በ1695 ቤርጋሞ ተወልዶ፣ በቫዮሊን እጅግ ተራቅቆ፣ በ1764 አምስተርዳም ላይ ሞተ። የጻፋቸውን ድርሰቶች ለመጫወት የሚደፍር ቫዮሊነኛ ዛሬም ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1895፣ ማለት ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በቤርጋሞ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ተወለደ። ተራራ መውጣት የሚወድ፣ ሥዕል የሚሥል፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ነበረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆነ፤ ነሐሴ 9 ቀን 1918 እ.አ.አ. ባለቅኔው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ ቪየና ላይ በራሪ ወረቀት በበተነ ጊዜ ከአብራሪዎቹ አንዱ እርሱ ነበረ። በ1919 የአንዲስን ተራሮች በአውሮፕላን ተሻገረ። በ1924 አትላንቲክን አቋርጣለሁ ብሎ ተነሥቶ ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ሦስት ቀን ያህል ሲንገላታ ቆይቶ ሪችመንድ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ አወጣችው። በዚያው ዓመት የፋሺስት ፓርቲ የምክር ቤት አባል ሆነ፤ ኋላም የቤርጋሞ ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። የጀግንነት ወርቅ ሜዳልያ ሦስት ጊዜ ተሰጠው፤ የመጨረሻውን ግን በሕይወት ሳለ አላየውም።

አሁን ነገሩ ወደ ኢሉባቦር ይመለሳል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት የሆነው የኢጣሊያ ጦር ከተማዋን ያዘ። መንግሥት ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ወደ ጎሬ ተሻገረ። ጎሬ ከመቱ በስተ ደቡብ በተራራ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሸክም ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ ወደ ካርቱም ይሄድ ስለነበር የእንግሊዝ ቆንስል በጎሬ ይቀመጥ ነበር፤ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም ነበሩባት። በእርሷም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የመንግሥቱ ሹም ሆነው ተቀመጡ፤ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም ከጎጃም ተሻግረው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ በመሆን ከእርሳቸው ጋር ተገናኙ። ክረምቱም ገባ። የኢሉባቦርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ያን ጊዜ መኪና ያለበት ጦር ለምን መንቀሳቀስ እንዳልቻለ ሳይነገረው ይረዳዋል።

ጠላትም በምድር ያልሆነለትን በሰማይ ሊያደርገው አሰበ። የወለጋን ባላባቶች በስብከት አግባብቶ ከጎሬ ለመነጠል ተስፋ አድርጎ፣ ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ ባለው ቦናያ በተባለው ሜዳ ሦስት አውሮፕላኖች አሳረፈ። በውስጣቸውም የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ካልዴሪኒ፣ አንቶኒዮ ሎካቴሊና ሌሎች መኮንኖች ነበሩ፤ አገሩን የሚያውቁት የኮንሶላታ ማኅበር ካህን አባ ማሪዮ ቦሬሎም አብረዋቸው መጥተው ነበር።

በዚያን ጊዜ በነቀምቴ የጥቁር አንበሳ ጦር የሚባል ማኅበር ነበረ። አለቃው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው፤ አባሎቹም በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ስዊድናውያን መኮንኖች ያስተማሯቸው ወጣቶችና ከውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ነበሩ። እነዚህም የአውሮፕላኖቹን መውረድ በሰሙ ጊዜ ሌሊቱን አላሳለፉትም። ሰኔ 20 ከመንጋቱ በፊት ሜዳውን ከበው ተኩስ ከፈቱ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። ማሊዮኮና ካልዴሪኒ ሞቱ፤ ሎካቴሊም በ41 ዓመቱ በዚያው ሞተ። አባ ቦሬሎ ከሞት ተረፉ።

የጎሬው መንግሥት ክረምቱን በዚህ ድል ከረመ። መንገዱ ሲደርቅ ግን ጠላት ገፋ፤ ኅዳር 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎሬን ያዘ። ራስ እምሩና የጥቁር አንበሳ ሰዎች ወደ ከፋ አፈግፍገው፣ በጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው፣ በታኅሣሥ ወር እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩን ወደ ኢጣሊያ ወስደው በፖንዛ ደሴት አሰሯቸው። ዓመታት አልፈው፣ ሙሶሊኒ በገዛ ወገኖቹ በ1943 እ.አ.አ. በተሻረ ጊዜ፣ ወደዚያችው ደሴት ተጋዘ፤ ያስቀመጡትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነበረ። ከጥቁር አንበሳ ወጣቶች ግን ብዙዎቹ ይህን አላዩም፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ተረሽነዋል። ኮሎኔል በላይ ኃይለአብ፣ ክፍሌ ነሲቡ፣ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከእነዚህ ናቸው።

በቦናያ የወደቁትን ሰዎች ኢጣሊያ በስም አከበረቻቸው። በቤርጋሞና በሌሎችም ከተሞች የሎካቴሊ ጎዳና አለ። በዶሎሚቲ ተራሮች፣ ትሬ ቺሜ ከሚባሉት ሦስት የድንጋይ ጫፎች ፊት ለፊት፣ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የተራራ ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ በየበጋው ከመላው አውሮፓ የሚመጣ ተጓዥ በዚያ ቡና ይጠጣል። ምናልባትም ኢሉባቦር ከሚባል አገር የተነሣ ቡና ይሆናል፤ ማረፊያው በስሙ የተጠራለት ሰው የት እንደሞተ ግን ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የማሊዮኮ ስም ዕድል ደግሞ ሌላ ነው። በሲሲሊያ የኮሚዞ አውሮፕላን ማረፊያ በእርሱ ስም ይጠራ ነበር፤ በ2007 እ.አ.አ. ስሙ ተነሥቶ ማፊያ በገደለው ፖለቲከኛ በፒዮ ላ ቶሬ ተተካ፤ በዓመቱ የማሊዮኮ ስም ተመለሰ፤ በ2014 እንደገና ተነሣ። የፋሺስት ጄኔራል ስም በመንገደኛ ፊት መቆሙ ያሳፈራቸው የሲሲሊያ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ከሐውልትና ከጎዳና ይልቅ የሚከፋ የስም ነገር አለ። የሞቱትን በድንጋይ የጻፈው ያው መንግሥት ለሕያዋን ሕፃናት ስም ከለከለ። አስቀድሞ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ኢጣሊያዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። ሰው ግን አዋጅ ሰምቶ አይተኛም፤ ልጆች ተወለዱ። ስለዚህ ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. ቁጥሩ 822 የሆነ ሕግ ወጣ። ከኢጣሊያዊና ከአገሬው ሰው የተወለደ ልጅ እንደ አገሬው ይቆጠራል፤ ኢጣሊያዊው አባት ልጄ ነው ብሎ ሊቀበለው አይችልም፤ የአባቱን የቤተሰብ ስም መጠራት ተከልክሏል፤ የማሳደጊያውም ወጪ በእናቱ ላይ ነው። ይህ ሕግ ዋና ከተማው ጅማ በነበረውና ኢሉባቦርን በሚጨምረው ግዛት ጭምር ይሠራ ነበር፤ ግዛቱ ግን ብዙ አልቆየም። በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ገዥው ጄኔራል ጋዜራ ደምቢ ዶሎ ላይ ለቤልጅግ ኮንጎ ጦር እጁን ሰጠ። ሕጉም በ1947 እ.አ.አ. በኢጣሊያ ተሻረ።

በአገሩ ልማድ የከለከሉት ነገር ያን ያህል የሚጎዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። አባቱ ማሪዮ የሆነ ልጅ «እገሌ ማሪዮ» ተብሎ ቢጠራ በሁሩሙም በጎሬም ሙሉ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም ማን ጠየቀው? ክፋቱ አባትን ከልጁ መነጠሉና እናቲቱን ብቻዋን መተዉ ነበር።

በኤርትራ ግን የኢጣሊያ የቤተሰብ ስም ይዘው ያደጉ ብዙዎች ናቸው። በ1935 እ.አ.አ. አስመራ የተወለደው ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ኢጣሊያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ቫሳሎ ጥንታዊ ስም ነው፤ በባላባት ዘመን ለጌታው የሚያድርን ገባር ያመለክታል፤ በሲሲሊያ፣ በሊጉሪያና በማልታ ይበዛል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ሉቻኖ አምበል ነበር፤ እርሱና ወንድሙ ኢታሎ አንድ አንድ ግብ አገቡ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው የገባርን ስም የተሸከመው ቫሳሎ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢጣሊያ አረፈ።

የኢትዮጵያ ሕግም ስለ ቤተሰብ ስም ያሰበበት ጊዜ ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ይላል። ሕጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊ መሆኑ ያስታውቃል። ሕዝቡ ግን ሰምቶ ዝም አለ፤ በመታወቂያውም ላይ እስከ ዛሬ የሚጻፈው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው።

ሎካቴሊ ዛሬ በቤርጋሞ አውራጃ እጅግ ከተለመዱት ስሞች አንዱ ነው፤ በአጠገቡ ባለው ሌኮና በሚላኖም ብዙ ነው። ከሎምባርዲያ ወደ ደቡብ በወረዱ ቁጥር ግን ይሳሳል፤ ከባሕር ማዶ በአርጀንቲናና በብራዚል ስደተኞች ዘርተውታል። የአሜሪካ የቤት እመቤት በአይብ ምልክት ታውቀዋለች። በ2000 እ.አ.አ. በ125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሮቤርቶ ሎካቴሊ የቤርጋሞ ልጅ ነው። ሌኮ የተወለደው የእግር ኳስ ተጫዋቹ ማኑኤል ሎካቴሊ በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ ስዊዘርላንድ ላይ ሁለት ግብ ሲያገባ በመቱ ካፌዎች ሳይቀር ስሙ ተጠርቷል።

የቦናያው ሎካቴሊ ስም በድንጋይም በመዝገብም አለ። ከጎሬና ከመቱ፣ ከሁሩሙና ከያዮ ተነሥተው ከራስ እምሩ ጋር የዘመቱትን ግን የጻፈላቸው ቄስ አልነበረም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አያትህ ወይም ቅድመ አያትህ በዚያ ክረምት ከዘመቱት አንዱ ከሆኑ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው በወረቀት ጻፍ፤ በአቅራቢያህም ላለ ቤተ መጻሕፍት አንድ ግልባጭ ስጥ።