ሲጥ ሲጥ የሚለው ዳሌ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ ጆን ቻርንሊ የተባሉ የአጥንት ሐኪም ዘንድ አንድ ታካሚ ቀረበ። የጭን አጥንቱ ራስ ወጥቶ በምትኩ ዡዴ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማች ሐኪሞች የፈጠሩት የአክሪሊክ ኳስ ተተክቶለታል። አሁን ያስቸገረው ድምፁ ነው። ማዕድ ላይ ጎንበስ ባለ ቁጥር ዳሌው ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ስለሚል፣ ሚስቱ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አስጠልቷታል።

ቻርንሊ በዚያ ሲጥታ ውስጥ የሰሙት ሰበቃን ነው። የሚጮህ ነገር እየተፋተገ ነው፤ የሚፋተግ ነገር ደግሞ የተከሉትን ብረትም ሆነ ፕላስቲክ ከአጥንቱ ይነቀንቀዋል። ከእሳቸው በፊት የሞከሩት ጥቂት አልነበሩም። በርሊን ውስጥ ቴሚስቶክለስ ግሉክ በዝሆን ጥርስ፣ ቦስተን ውስጥ ስሚዝ ፒተርሰን በመስታወት ሞክረዋል። ቻርንሊ የፈለጉት ግን የሚያንሸራትት ነገር ነበር።

አገኘሁም አሉ፤ ዛሬ ከመጥበሻ ላይ የምናውቀውን ቴፍሎንን። ዊጋን ከተማ አጠገብ፣ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ራይቲንግተን ሆስፒታል፣ ከ1958 ጀምሮ ወደ 300 ለሚጠጉ ሰዎች የቴፍሎን ጎድጓዳና የብረት ኳስ ገጠሙ። ታካሚዎቹ ክራንቻቸውን ጥለው ሲሄዱ ደስታው ልክ አልነበረውም። ሦስት አራት ዓመት ሳይሞላ ግን ቴፍሎኑ ተበላ። የተፋቀው ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ፣ አጥንቱን አላላ። ቻርንሊ ብናኙን በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስገብተው አካል እንዴት እንደሚቆጣ ተመለከቱ። የገጠሙትን እያወጡ ማረሙም የራሳቸው ዕዳ ሆነ። ይህን ያህል የተሰበረ ሰው ሥራውን ቢተወው የሚፈርድበት አልነበረም።

በ1962 አንድ ነጋዴ ወደ ሆስፒታሉ ወርክሾፕ ጎራ አለ። ይዞት የመጣው ለላንክሻየር የጨርቅ ፋብሪካዎች መሸመኛ ማሽን ጥርስ የሚሠራበትን ፖሊኢታይሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው። የቻርንሊ ቴክኒሻን ሃሪ ክሬቨን ቁራጩን ተቀብሎ ለአለቃው አሳየ። ቻርንሊ በአውራ ጣት ጥፍራቸው ጫር አደረጉትና ጊዜህን አታባክን ብለው ሄዱ። ክሬቨን አልሰማም፤ ፕላስቲኩን መፈተጊያው ማሽን ላይ አስሮ ሌት ተቀን አስኬደው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲለካ የተበላው ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚበላው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ኅዳር አዲሱ ጎድጓዳ ሰው ውስጥ ገባ። አለቃው ሰር የተባሉት በ1977 ነው፤ እኔ ግን የዳሌ ታሪክ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ እንቢተኛ ቴክኒሻን ነው።

ኳሷ ሆን ተብላ ትንሽ ተደረገች፤ ስፋቷ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከተፈጥሮው ራስ ግማሽ የማትሞላ። ትንሽ ኳስ ትንሽ ሰበቃ አላት። ኳሱንና ጎድጓዳውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘውን ሲሚንቶ የጠቆሙት ደግሞ ማንቸስተር ከሚገኝ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ዴኒስ ስሚዝ ናቸው። ቻርንሊ ታካሚዎቻቸውን ከሞታችሁ በኋላ ዳሌውን መልሱልኝ እያሉ ያስፈርሙ ነበር። ተለክቶ ሲታይ ጎድጓዳው በዓመት በአማካይ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላ ነበር። ለ70 ዓመት አዛውንት ይህ ከቁጥር አይገባም። ለ30 ዓመት ጎልማሳ ግን 40 ዓመት ቢኖር 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያውም ጎልማሳ ይሮጣል፣ ይሸከማል። ስለዚህም ቻርንሊ ወጣቶችን ቀዶ ለማከም እጃቸው አይፈታም ነበር።

የአጥንት መሞት የሚባለው በሽታ የሚመርጠው ደግሞ እነዚሁኑ ወጣቶች ነው። የጭን አጥንት ራስ ደም የሚያገኘው አንገቱን ታክከው በሚወጡ ቀጫጭን ሥሮች ነው። እነሱ ሲቆረጡ ወይም ሲደፈኑ ራሱ በሕይወት ባለ ሰው ውስጥ ይሞታል። ውልቃትና ስብራት ያመጡታል፤ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ የመጠጥ ብዛት፣ የሲክል ሴል በሽታም እንዲሁ። በ1911 ሐምቡርግ ላይ በኤልበ ወንዝ ሥር የሚያልፈውን ዋሻ በታመቀ አየር ውስጥ ሆነው የቆፈሩ ሠራተኞች አጥንታቸው ሞቶ መገኘቱ ተጽፏል። የሞተው አጥንት ወዲያው አይፈርስም፤ መጀመሪያ ሰሞን ራጅ እንኳ ደህና ነው ይላል። ሕመሙም ያሳስታል፤ ብሽሽት ወይም ጉልበት ላይ ስለሚሰማ ታካሚው ጉልበቱን ሲያሳሽ ይከርማል። በኋላ ክቡ ራስ ውስጡ እንደተቦረቦረ ቤት ጣሪያው ይደረመሳል። እዚያ ከደረሰ የሚቀረው መፍትሔ ብዙውን ጊዜ መቀየር ነው።

የዚህ ታሪክ ታዋቂው ባለቤት ቦ ጃክሰን ነው፤ በአንድ ዘመን ቤዝቦልንም የአሜሪካ እግር ኳስንም በከፍተኛ ደረጃ የተጫወተ፣ በፍጥነቱ ተመልካች ያፈዘዘ ሰው። ጥር 13 ቀን 1991 ሎስ አንጀለስ ላይ በእግር ኳስ ግጥሚያ 34 ያርድ ሮጦ፣ ከኋላው እግሩ ተይዞ ወደቀ። ሲያዩት ተራ አወዳደቅ ነበር። ዳሌው ግን ተጎድቷል፣ የደም ሥሮቹም አብረው፤ አጥንቱ ሞተ። እግር ኳሱ በዚያው አበቃ። በ1992፣ 30 ዓመት ሳይሞላው፣ ዳሌው ተቀየረ። ወደ ቤዝቦል ተመልሶ ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) እንደሚመታላት ለእናቱ ቃል ገብቶ ነበር፤ እናቱ ግን ሳታይ አረፈች።

ሚያዝያ 9 ቀን 1993 ቺካጎ ላይ ለዋይት ሶክስ የቤዝቦል ቡድን ተቀይሮ ገባ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በመደበኛ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመምታት የቆመበት ተራ ነው፤ ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻገራት። በዚያ ዓመት 16 ሆም ረን መታ። ሆም ረን የመታ ሰው መሮጥ ግዴታው አይደለም፤ ቤዞቹን፣ ማለትም የሜዳውን ማዕዘኖች፣ በሶምሶማ ዞሮ ይገባል። በ1989 በፍጥነቱ 26 ቤዝ የሰረቀው (ኳሷ ሳትመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ የደረሰው) ጃክሰን በ1993 አንድም አልሰረቀም።