ድምፅ የሚጠብቁ ፈቃደኞች

በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ አእምሮ ያለው ፍጥረት ይኖር ይሆን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ በሬዲዮ መሣሪያ መመርመር የተጀመረው ግን በ1952 ዓ.ም. ነው። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።) ሴቻ ተቀምጦ ስለዚህ ማሰብ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ አይጠፉም። በነገሩ ልቡ ከተሳበ ተማሪ የቀረበው ይህ አጭር ጽሑፍ፥ ያለ ደመወዝ የደከሙት ሰዎች ድካም ከንቱ አለመሆኑን ለማስረዳት ይሞክራል።

በ1952 ዓ.ም. መስከረም ወር ጁሴፔ ኮኮኒና ፊሊፕ ሞሪሰን የተባሉ ሊቃውንት «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ይኸውም ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚላክ መልእክት ቢኖር 21 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው የሃይድሮጅን ሞገድ አካባቢ መፈለግ ይገባል የሚል ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ዶክተር ፍራንክ ድሬክ በአሜሪካ፥ ግሪን ባንክ በተባለ ስፍራ፥ 26 ሜትር ስፋት ባለው አንቴና ታው ሴቲና ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ የተባሉትን ሁለት ከዋክብት ማዳመጥ ጀመሩ። መልእክት አልተገኘም።

የሥራው ችግር እንዲህ ነው። ሲቀላ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ቢጣራ፥ ሴቻ ላይ የቆመ ሰው ድምፁን ከጫጫታው ለይቶ መስማት አለበት፤ ጠሪው መኖሩንም፥ በምን ቋንቋ እንደሚጣራም አያውቅም።

ነሐሴ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦሃዮ ይገኝ የነበረው «ትልቁ ጆሮ» የተባለው አንቴና ለ72 ሴኮንድ ብርቱ ምልክት መዘገበ። ምልክቱን ከወረቀቱ ላይ ያገኙት በፈቃደኝነት ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ጄሪ ኤማን ናቸው። በቀይ ቀለም ከብበው በኅዳጉ ላይ «ዋው!» የሚል የመደነቅ ቃል ጻፉ። ስፍራው ደጋግሞ ቢመረመርም ምልክቱ አልተመለሰም። ኤማንም ከሌላ ዓለም የመጣ ነው ብለው አላወጁም።

ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ.ም. የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ «ሴቲ አት ሆም» የተባለውን ሥራ ጀመረ። ማንም ሰው ኮምፒዩተሩ ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ከአንቴና የመጣውን መዝገብ እንዲመረምር ያውሰው ነበር። ለፈቃደኞች ሥራ ማደሉ በ2012 ዓ.ም. እስከ ቆመበት ጊዜ ድረስ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ተሳትፈዋል።

በአገራችንም የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ሲመሠረት፥ 47ቱ መሥራቾች እንደ እብድ ተቈጥረው ነበር። የሆነ ሆኖ ዛሬ በእንጦጦ ተራራ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ባዘጋጀው ስያሜ ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ «ቡና»፥ በዙሪያው የሚዞረው ዓለም «አቦል» የሚል ስም ከኢትዮጵያ አግኝተዋል። አቦል ከጁፒተር ክብደት 4 እጥፍ በላይ ስለሆነ እንደኛ ያለ ፍጥረት ይኖርበታል ተብሎ አይጠበቅም።

እስካሁን የተፈተሸው የሰማይ ክፍል እጅግ ጥቂት ስለሆነ፥ ዝምታው ብቻችንን መሆናችንን አያረጋግጥም። ፈቃደኞቹ ያተረፉልን ግን አለ፤ የት፥ መቼ፥ በየትኛው ሞገድ ተደምጦ ምንም እንዳልተሰማ የሚናገር መዝገብ ነው። ቀጥሎ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ይነሣል። የሴቻም ተማሪ ያየውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ፥ ሳይጨምር ሳይቀንስ መመዝገብ ከቻለ፥ ከዚህ ሥራ ድርሻ አለው።