የወሊድ ፌስቱላ እና የዶክተር ካትሪን ሃምሊን ሥራ

የወሊድ ፌስቱላ ምጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት በሚያሳድረው ጫና ምክንያት በብልትና በሽንት ፊኛ ወይም በፊንጢጣ መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ ሳይፈልጉ ይፈሳል። እርግማን አይደለም፤ የሚታከም ጉዳት ነው።

አውስትራሊያዊቷ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጡ። በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት ተከፈቱ። ቀዶ ሕክምና የደረሰውን ጉዳት ይጠግናል እንጂ አዲስ ጉዳት እንዳይደርስ አይከላከልም። ስለዚህ በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቋሙ። ሐኪሟ በ2020 አረፉ።

ምን ማድረግ አለብዎት?

• ከወሊድ በኋላ ሽንት ወይም ሰገራ የሚያመልጥዎ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ትንሽ ቀዳዳ ቶሎ ከታወቀ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ የሽንት ቱቦ በማስገባት ብቻ ሊድን ይችላል።
• ፌስቱላው ከተጠገነ በኋላ ካረገዙ ክትትልዎን አያቋርጡ፤ በሆስፒታል፣ አብዛኛውን ጊዜም በኦፕራሲዮን ይወልዳሉ።
• ቤተሰብ ከሆኑ ምጥ በቤት ውስጥ እንዲራዘም አይጠብቁ። ችግሩ የገጠማትን ሴት አያግልሏት፤ ለሕክምና አብረዋት ይሂዱ።