ደብዳቤ የሚቆጥሩት ሰው



ከጥቂት ዓመታት በፊት ማታ ማታ ዜና ስንከፍት ከለንደን አንድ ወሬ ይደጋገም ነበር፤ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ወረዱ፣ ሌላ ተተኩ። ሽማግሌዎቻችን ታዲያ «ይሄኛውን ደግሞ ማን መረጠው?» ይሉ ነበር። ልጆቻችን «ፓርቲው ነው» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ልክ ነው፣ ግን አያጠግብም። ፓርቲው ማለት ማን ነው? ዛሬ የምንጨዋወተው ስለዚሁ ነው። (የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እዚህ አገር እንደምንቆጥረው ነው።)

እኛ እዚህ ከኤፕሪል 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 ድረስ አምስት ጊዜ ወጥተን ፔቴክ ጥለናል። በዚያው ጊዜ እንግሊዞች አጠቃላይ ምርጫ ያደረጉት አንዴ ብቻ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሮቻቸው ግን አራት ነበሩ። የእኛ አገር ሰው በምርጫ ብዛት ሲሰለች፣ የእነሱ ሰው ሳይጠየቅ መሪ ሲቀየርበት ከረመ።

በእንግሊዝ ሕዝቡ የሚመርጠው የየአካባቢውን የፓርላማ አባል ነው፤ ጠቅላላው 650 ነው። ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። ስለዚህ ፓርቲው መሪውን ከቀየረ፣ ሕዝቡ ሳይጠየቅ የአገሩም መሪ ተቀየረ ማለት ነው። ወግ አጥባቂው ፓርቲ ደግሞ እስከ 1965 ድረስ መሪውን በድምፅ እንኳ አይመርጥም ነበር፤ ትልልቆቹ ሰዎች ለብቻቸው ተመካክረው «እገሌ ይሁን» ይሉ ነበር። ከ1965 ጀምሮ የፓርላማ አባሎቻቸው በድምፅ መምረጥ ጀመሩ። በ1998 ደንቡ እንደገና ተለወጠ፤ የፓርላማ አባላቱ እያጣሩ ሁለት ሰው ያስቀራሉ፣ ከሁለቱ አንዱን በየአገሩ ያለው ተራ የፓርቲ አባል ይመርጣል።

የማውረጃው መንገድ ሌላ ነው። የወግ አጥባቂዎቹ የፓርላማ አባላት «የ1922 ኮሚቴ» የሚባል ማኅበር አላቸው። በ1922 ምርጫ አዲስ የገቡ አባላት በማግሥቱ ዓመት ያቋቋሙት ነው። በመሪው ላይ እምነት ያጣ አባል ለኮሚቴው ሊቀመንበር ደብዳቤ ይጽፋል። በእነዚያ ዓመታት ደብዳቤው ከአባላቱ ቁጥር 15 በመቶ ሲደርስ የመተማመኛ ድምፅ ይጠራ ነበር። እስከዚያ ድረስ ስንት ደብዳቤ እንደገባ የሚያውቀው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። ከ2010 እስከ 2024 ቆጣሪው ሰር ግራሃም ብሬዲ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ስማቸውን እዚህ የሰማ ጥቂት ነው፤ ለንደን ውስጥ ግን እሳቸው ስልክ ሲያነሱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ይደነግጡ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጁን 23 ቀን 2016 ነው። «ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 51.9 በመቶው እንውጣ አለ። እንቆይ ብለው የተከራከሩት ዴቪድ ካሜሮን በማግሥቱ ሥልጣን እለቃለሁ አሉ። ቦታው ለቦሪስ ጆንሰን የተዘጋጀ መስሎ ነበር። ጆንሰን እጩነታቸውን ሊያውጁ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው ግን አብረዋቸው የዘመቱት ማይክል ጎቭ «ይህ ሰው ለመሪነት አይሆንም» ብለው ራሳቸው ተወዳደሩ። ጆንሰን ያኔውኑ ወጡ። ጎቭም አልሆነላቸውም። አንዱ ሌላውን ሲጥል፣ እንቆይ ካሉት ወገን የነበሩት ቴሬዛ ሜይ ጁላይ 13 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የመጨረሻዋ ተፎካካሪያቸው ራሷን ስላገለለች የፓርቲው አባላት ድምፅ እንኳ አልሰጡም።

ሜይ በ2017 መቀመጫ ልጨምር ብለው ምርጫ ጠሩና ያላቸውንም አጡ፤ 317 ብቻ ቀራቸው። ለመግዛት ከሰሜን አየርላንድ የአንድ ትንሽ ፓርቲ 10 አባላት ድጋፍ ማግኘት ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለመረዳት እነዚህን አሥር ሰዎች መያዝ ያስፈልጋል። አየርላንድ ሪፐብሊክ በኅብረቱ ውስጥ ትቀራለች፤ ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ ናት። ብሪታንያ ከወጣች በሁለቱ መሃል ኬላ ሊቆም ነው። የ1998ቱ የሰላም ስምምነት ከመጣ ወዲህ ግን ያ ድንበር ክፍት ነው፤ ኬላውን ማንም መልሶ ማየት አልፈለገም። ሜይ ከብራስልስ ይዘውት የመጡት ውል ለዚህ መላ አበጅቶ ነበር፤ ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ ብሪታንያ በኅብረቱ የጉምሩክ ሥርዓት ውስጥ እንድትቆይ። አሥሩ ሰዎች ሰሜን አየርላንድን ከቀረው አገር ይለያል ብለው እምቢ አሉ፤ እንውጣ ባዮቹ ደግሞ ይህ መውጣት ሳይሆን ታስሮ መቅረት ነው አሉ። ጆንሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውን የለቀቁት በዚሁ ጠብ፣ በጁላይ 2018 ነው።

ደብዳቤዎቹም መግባት ጀመሩ። ዲሴምበር 11 ቀን 2018 ማታ ብሬዲ ወደ ሜይ ደውለው 48 ደረሰ አሏቸው። በማግሥቱ ድምፅ ተሰጠ፤ 200 ይቆዩ፣ 117 ይውረዱ። ሜይ አሸነፉ። ግን ከገዛ ወገናቸው ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው አልፈልግም ያላቸው መሪ አሸነፈ ይባላል እንዴ?

ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ውላቸው ለፓርላማ ቀረበና 432 ለ202 ወደቀ። እንዲህ ያለ ሽንፈት በዘመናዊው ፓርላማ ታሪክ አልታየም ተባለ። ከጣሉት ውስጥ 118ቱ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። በማግሥቱ የተቃዋሚው የሌበር መሪ ጄረሚ ኮርቢን መንግሥቱ ይውረድ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ማታ ውሉን የጣሉት እነዚያው ወግ አጥባቂዎች ተሰልፈው ሜይን አዳኗቸው፤ 325 ለ306። የሰሜን አየርላንዶቹ አሥሩ ወደ ማዶ ቢያጋድሉ ኖሮ መንግሥቱ በአንድ ድምፅ ይወድቅ ነበር። ሥራዋን አንፈልግም፣ ወንበሩ ግን ከእኛ እጅ አይውጣ ማለታቸው ነው። እኛም በክኔሴት ያየነው ነገር ስለሆነ ብዙ አላስገረመንም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ማርች 27 ቀን ሜይ በኮሚቴው ፊት ቆመው፣ ውሉን ካሳለፋችሁልኝ ሥልጣኔን እለቃለሁ አሉ። ሥልጣናቸውን መደራደሪያ አደረጉት ማለት ነው። በውሉ የተነሳ ሚኒስትርነት የለቀቁት ጆንሰን ከሁለት ቀን በኋላ ለዚያው ውል ድምፅ ሰጡ! ውሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ወንበሩ ሊለቀቅ መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ 344 ለ286 ወደቀ። ሜይ 24 ቀን ሜይ ከብሬዲ ጋር ተነጋገሩ፤ በዚያው ጠዋት ቤታቸው ደጅ ላይ ወጥተው መሰናበቻቸውን ሲያነቡ ድምፃቸው ተሰበረ። የወሩና የሴትዮዋ ስም አንድ መሆኑን አንዳንድ ቀልደኛ ያኔም ሳያነሳው አልቀረም።

አሁን የሽማግሌዎቻችን ጥያቄ መጣ። የሜይን ተተኪ ማን መረጠ? በጁላይ 2019 ወደ 160 ሺህ የሚሆኑ የፓርቲው አባላት። ጆንሰን 92,153 ድምፅ አገኙ፣ ጄረሚ ሃንት 46,656። በዚያን ጊዜ አገሩ ውስጥ የመምረጥ መብት ያለው ከ47 ሚሊዮን በላይ ነበር። ልዩነቱን እናንተው አስሉት።

ጆንሰን የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው፤ አግባቡኝ ማለት ትተው ማባረር ጀመሩ። ፓርላማውን ለአምስት ሳምንት ዘጉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ11 ዳኞች አንድ ድምፅ ሕገ ወጥ ነው አለ። በሴፕቴምበር ላይ የተቃወሟቸውን 21 የራሳቸው ፓርቲ የፓርላማ አባላት ከቡድኑ አስወጡ። ከተባረሩት አንዱ የዊንስተን ቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስ ነበሩ፤ እሳቸው ኋላ ተመልሰዋል። ለሰሜን አየርላንዶቹም እንደ ገቡት ቃል አልሆነላቸውም። በመሃል ባሕር ላይ ፍተሻ የሚያቆም ውል ማንም ወግ አጥባቂ መንግሥት አይፈርምም ብለው በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ተናግረው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ራሳቸው ተስማሙበት። ሕዝቡ ግን በነገሩ ታክቶት ነበርና በዲሴምበር 12 ምርጫ 365 መቀመጫ ሰጣቸው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 አገሪቱ ወጣች።

ያን ያህል መቀመጫ የሰጠው መራጭ ያመጣቸውን ሰው ያወረደው ግን መራጩ አይደለም። በኮሮና ጊዜ በመንግሥት ቤት በተደረጉ ግብዣዎች ሰበብ ደብዳቤው እንደገና ሞላ። ጁን 6 ቀን 2022 ጆንሰን 211 ለ148 ተረፉ፤ በአንድ ወር ውስጥ ከ50 በላይ ሹማምንት ተከታትለው ለቀቁባቸውና ጁላይ 7 እጅ ሰጡ።

ተተኪውን ለመምረጥ የፓርላማ አባላቱ ሪሺ ሱናክን አስቀደሙ፤ 137 ለ113። ተራው አባል ግን ሊዝ ትረስን መረጠ፤ 81,326 ለ60,399። ትረስ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ምንጩ ያልታወቀ ትልቅ የግብር ቅነሳ አወጁ፤ ፓውንድ ወደቀ፣ የቤት ብድር ወለድ ናረ፣ ኦክቶበር 20 ቀን እለቃለሁ አሉ። ያን ጊዜ የፓርላማ አባላቱ ተራውን አባል እንደገና መጠየቅ ፈሩ መሰለን። ለመወዳደር የ100 አባላት ድጋፍ ያስፈልጋል ተባለ፤ ያን ይዘው የቀረቡት ሱናክ ብቻ ሆኑ። ከሰባት ሳምንት በፊት የተሸነፉት ሰው ያለ አንድ የአባል ድምፅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ሕዝቡ ተራው የደረሰው ጁላይ 4 ቀን 2024 ነው። ወግ አጥባቂዎቹ 121 መቀመጫ ብቻ ይዘው ቀሩ። ትረስ በትውልድ ሳይሆን በፖለቲካ ካደጉበት ከኖርፎክ ወረዳቸው ቆመው ነበር፤ በ630 ድምፅ ተሸነፉ።