ጠፍርና ሰንሰለት

ኃይልን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለማድረስ ሰው ከተጠቀመባቸው ጥንታዊ ነገሮች አንዱ ቆዳ ነው። አራሹ ገበሬ ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያጣምረው በምራን ነው፤ ምራኑም ከቆዳ የተተለተለ ጠፍር ነው። የበሬው ጉልበት ማረሻው ዘንድ የሚደርሰው በዚያ ጠፍር አልፎ ነው። ሰንሰለት ግን በአማርኛችን ሌላ ታሪክ አለው፤ ስሙ ሲጠራ ቀድሞ ወደ ልቡና የሚመጣው እስረኛ ነው። እነዚህ ሁለቱ በብስክሌት ላይ ተገናኝተው ረጅም ዘመን ተፎካክረዋል። የፉክክራቸው ታሪክ እንደ ማሻ ላለ ዝናብና ጭቃ ለማይለየው አገር የሚነግረው ቁም ነገር አለ።

በጠጋኞቻችን አፍ ሁለቱም የጣሊያን ስም ይዘዋል። የብስክሌቱ ሰንሰለት «ካቴና» ይባላል፤ የሞተሩና የወፍጮው ቀበቶ ደግሞ «ቺንጋ»። ዕቃው በማን እጅ በኩል እንደ ደረሰን ቋንቋው ሳይናገር መዝግቦታል።

ብስክሌት ሲወለድ ካቴናም ቺንጋም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1817 ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ የሠራው ባለ ሁለት ጎማ መኪና የሚሄደው ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር። በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ ፔዳል ከፊተኛው ጎማ ጋር ተገጠመ። ነገር ግን እግር አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፣ ፍጥነት የፈለገ ሰው ጎማውን ከማሳደግ በቀር መላ አልነበረውም። ከሰው ደረት የሚደርስ የፊት ጎማ ያላቸው፣ ወድቀው ነጂያቸውን የሚሰብሩ ብስክሌቶች የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ፔዳሉን ከጎማው ለይቶ ኃይሉን በሌላ ነገር ወደ ኋላ መላክ ነበር። በ1879 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሎውሰን ይህንኑ በሰንሰለት አደረገው፤ በ1880 ሃንስ ሬኖልድ ማንቸስተር ላይ ዛሬም የምንጠቀምበትን ዓይነት ባለ ተሽከርካሪ ካቴና ሠራ፤ በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ መጠናቸው የሚቀራረብ ሁለት ጎማዎች ያሉትን ሮቨር ለገበያ አቀረበ። የዛሬው ብስክሌት መልክ ያኔ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚዞሩት በቆዳ ቀበቶ ነበር። ታዲያ ብስክሌት ሰሪዎቹ በእጃቸው ያለውን ትተው ለምን ወደ ሰንሰለት ሄዱ? ምክንያቱ የሰው እግር ነው። የፋብሪካ ቀበቶ በፍጥነት እየሮጠ በጥቂት ጉተታ ብዙ ኃይል ያሻግራል። የሰው እግር ግን ቀስ ብሎ የሚዞር ብርቱ ነው፤ በተለይ ዳገት ላይ ጉተታው ይበረታል። ለስላሳ ቀበቶ የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ይንሸራተታል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ካቴና ግን ጥርስ ነክሶ ስለሚሄድ አይንሸራተትም። ሞተር ብስክሌቶችም ይህንኑ ትምህርት ቀምሰዋል፤ ሃርሊ ዴቪድሰን ከ1903 ጀምሮ የሠራቸው የመጀመሪያ ሞተሮቹ በቆዳ ቀበቶ ይነዱ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ሰንሰለት ዞሩ።

ድሉ የካቴና ሆነ። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር የሄዱትን እነ ገረመው ደንቦባን የተሸከመውም ካቴና ነው።

ጠፍር ግን አልሞተም፤ በልብስ ሰፊው እግር ሥር ተጠልሎ ቆየ። በማሻም ሆነ በቴፒ በረንዳ ላይ የተቀመጠውን የእግር መኪና ያየ ሰው፣ ከታች ካለው ትልቅ መዘውር ወደ ላይኛው ትንሽ መዘውር የሚወጣውን ቀጭን ጠፍር ያውቀዋል። መርገጫውን የሚረግጠው እግር ከብስክሌተኛው ይልቅ ቀላል ሥራ ስላለው፣ ጠፍሩ ጥቂት ቢንሸራተት ጉዳት የለውም። ከዚሁ ከስፌት ቤት ነው ትንሣኤው የመጣው። በስፌት መኪና ውስጥ የላይኛው መርፌና ክሩን ከታች የሚቀበለው መንጠቆ አንዲት ቅጽበት እንኳ ሳይዛነፉ መገናኘት አለባቸው። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ሲፈለሰፍ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተግባሮቹ አንዱ ሁለቱን በሲንጀር መኪና ውስጥ ማስማማት ነበር። ጠፍር ከሰንሰለት ጥርስን ተማረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተለት። ሃርሊ ዴቪድሰን በ1980 ባለ ጥርስ ቀበቶ ይዞ ወደ ጥንቱ ተመለሰ። በ1987 እንግሊዛዊው ማርክ ሳንደርስ የነደፈው ስትራይዳ የተባለ ተጣጣፊ ብስክሌት በቀበቶ የሚነዳ ሆኖ ወጣ። በ2007 ደግሞ የአሜሪካው ጌትስ ኩባንያ ውስጡ የካርቦን ክር የሆነ የብስክሌት ቀበቶ አቀረበ። ይህ ቀበቶ ዘይት አይፈልግም፤ አይዝግም፤ ሱሪ አያቆሽሽም፤ ድምፅም የለውም።

ይህን የሰማ የማሻ ሰው «ለእኛ የተሠራ ነው» ቢል አይፈረድበትም። የሸካ ደን፣ በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሕይወት ከባቢነት የመዘገበው፣ አረንጓዴ የሆነው በዝናብ ነው፤ ያው ዝናብ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል። ዳገቱ ብስክሌትን ስለማይወድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰው የሚጭነው ሞተር ነው፤ እርሱም በካቴና ይሄዳል። ጭቃው ዘይቱን ያጥባል፤ ደቃቁ አሸዋ በመጋጠሚያዎቹ ገብቶ ብረቱን ይፈጫል፤ ካቴናውም ቀስ በቀስ ይረዝምና ከጥርሱ ላይ መዝለል ይጀምራል።

ሆኖም ጠፍሩ ይዞት የሚመጣው ዕዳ አለ። የብስክሌት ካቴና ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ መርካቶ ተገዛም ማሻ ይህ ልክ አንድ ነው። የቀበቶ ጥርስ ልክ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ቀበቶው መጋጠሚያ የሌለው ቀለበት ስለሆነ እንዲገባ የብስክሌቱ አጥንት ራሱ ተከፍቶ የሚገጠም መሆን አለበት። ካቴና ሲበጠስ ጠጋኙ የተሰበረችውን መጋጠሚያ በመዶሻና በምስማር አውጥቶ ቀሪውን ይቀጥላል። የወፍጮ ቤቱ ጠፍጣፋ ቺንጋ እንኳ ሲቆረጥ ይሰፋል። አዲሱ ባለ ጥርስ ቀበቶ ግን ከተበጠሰ ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ለአምስተርዳም ነጂ ይህ የአንድ ቀን ጉዳይ ይሆን ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ለራቀ ሰው ግን ቀኖቹ ይበዛሉ።

ስለዚህ የአንድ መሣሪያ መልካምነት የሚለካው ስንት ዓመት ሳይሰበር በመቆየቱ ብቻ አይመስለኝም፤ የተሰበረ ዕለት ማን ሊያድነው እንደሚችልም መጠየቅ አለበት። በአማርኛችን ሰንሰለት የእስራት ምልክት ነው፤ በብስክሌት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ጠፍሩ ነው፤ የሚፈታው ሰንሰለቱ ነው። የሚፈታ ነገር ደግሞ በመንደሩ ሰው እጅ ይጠገናል። የቀበቶው ዘመን ወደ ማሻ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ከዕቃው ጋር መፍቻውም አብሮ እንዲመጣ መመኘት ይገባናል።