ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም

ስልኩ ውሃ ውስጥ የወደቀበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ሩዝ ውስጥ ክተተው" የሚል ነው። ሁለተኛው ምክር "ከአሁን በኋላ ውሃ የማያስገባ ግዛ" ይሆናል። የመጀመሪያው ብዙም አይረዳም። ሁለተኛው ግን ትልቅ ጥያቄ ያስነሳል፦ የትኛውን ውሃ?

የሰው ልጅ ኤሌክትሪክን ከውሃ ለመከላከል መታገል ከጀመረ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን የተሳካላቸው ሰዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ጠላታቸውን በስሙ ያውቁት ነበር። አንዱ የባሕር ውሃን፣ ሌላው የጫካ እርጥበትን፣ ሦስተኛው የሰውነት ፈሳሽን ብሎ ነው የተነሳው። እኛ ዛሬ የምንገዛው ዕቃ ላይ ግን የሚነገረን "ውሃ ይከላከላል" የሚል አንድ ደረቅ ቃል ብቻ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ውሃው ምን ያደርጋል?

እንዲያውም ፍጹም ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው በጣም በደካማው ነው። ችግሩ እጃችን ላይ ያለው ውሃ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ላብና አቧራ ሲሟሙበት ጥሩ አስተላላፊ ይሆናል።

ስልክ ወይም ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ቦርድ ላይ ደግሞ የብረት መስመሮች ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ኃይል እያለ እንዲህ ያለ ውሃ ከነካቸው፣ ብረቱ ከፖዘቲቩ መስመር እየሟሟ ወደ ኔጋቲቩ ይጓዛል። እዚያ ደርሶ እንደገና ይጠጥርና የዛፍ ቅርንጫፍ መስሎ ወደ መጣበት ያድጋል። ቅርንጫፉ ማዶውን የነካ ዕለት ዕቃው ሾርት ያደርጋል።

ስለዚህ ነው የረጠበ ስልክ ሲገጥመን ከሁሉ በፊት ማጥፋት የሚገባን። ኃይል ከሌለ ይህ ጉዞ ይቆማል። ሩዙ ግን ቦርዱ ላይ የቀረውን ጨው አያነሳውም፤ "ደርቆ ሠራ" የተባለ ስልክ ከወር በኋላ የሚሞተውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ዝገት ነው።

▪️ የባሕር ጠላት

በ1840ዎቹ ቴሌግራፍ የብስ ላይ ተስፋፍቶ ነበር። ባሕር ግን አላሻግር አለው። ሽቦውን የሚሸፍን፣ የጨው ውሃ የማያሸንፈው ነገር ያስፈልግ ነበር። መፍትሔው የተገኘው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ነው፤ ጉታ ፐርቻ የሚባል የዛፍ ሙጫ። የማላያ ሰዎች ለመሣሪያ እጀታ ይጠቀሙበት ነበር። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ቨርነር ሲመንስ በ1847 ሽቦን ያለ ስፌት በዚህ ሙጫ የሚያለብስ ማሽን ሠራ። በ1851 እንግሊዝና ፈረንሳይ በባሕር ሥር ተገናኙ።

የሚገርመው የሙጫው ጠባይ ነው። አየርና ፀሐይ ላይ ከተተወ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። በባሕሩ ወለል ብርድና ጨለማ ውስጥ ግን ለብዙ ዓመታት ይቆያል። እንደተፈጠረለት ለዚያ ቦታ ብቻ የሚሆን ካባ ነበር።

ካባው ብቻውን ግን አልበቃም። በ1858 አውሮፓንና አሜሪካን ያገናኘው የመጀመሪያው የአትላንቲክ ገመድ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አልዘለቀም። ዋይልድማን ኋይትሃውስ የተባለው የኩባንያው ባለሙያ ደካማውን ምልክት ለማጎልበት ወደ 2000 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ለቀቀበት፤ ቀድሞም እንከን የነበረበት ሽፋን ተበሳ። ዘላቂው ግንኙነት የተገኘው በ1866 ነው።

ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ሌላ ነው። ሙጫውን ለማግኘት ዛፉ ይቆረጥ ነበር፤ ከአንድ ዛፍ የሚገኘውም ጥቂት ነው። ለንደን ከግዛቶቿ ጋር በደቂቃዎች ስትነጋገር የማላያና የቦርኒዮ ጫካ እየሳሳ ሄደ። የጉታ ፐርቻን ዘመን የዘጋው በ1933 እንግሊዝ አገር በአጋጣሚ የተገኘው ፖሊኢትሊን ነው፤ ዛሬ ፌስታል የምንሠራበት ያው ፕላስቲክ።

▪️ የጫካ ጠላት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር በኒው ጊኒ፣ በሰለሞን ደሴቶችና በበርማ ጫካ ሲዋጋ ሬዲዮዎቹ ከጥይት በፊት በእርጥበት ይሞቱ ነበር። እዚህ ጠላቱ የሚፈስ ውሃ አይደለም። በእርጥበት የተሞላ አየርና እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ሻጋታ ነው። ሻጋታው የሽቦውን ጨርቅ፣ ሰሙንና ወረቀቱን ይበላል፤ በላዩ ያለው እርጥበትም ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆናል።

መፍትሔው ፀረ ሻጋታ የተቀላቀለበት ቫርኒሽ ነበር። ሬዲዮው ይከፈታል፣ በሙቀት ይደርቃል፣ ከዚያ ይረጫል። ከመረጨቱ በፊት ግን ማብሪያ ማጥፊያዎቹና መሰኪያዎቹ በጥንቃቄ ይሸፈናሉ፤ ቫርኒሽ የነካው መሰኪያ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና።

ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ። ኤሌክትሪክ መግቢያና መውጫ ይፈልጋል፤ መግቢያው ደግሞ አይቀባም። የማንኛውም ሽፋን ድካም ያለው በሩ ላይ ነው።

▪️ የሰውነት ጠላት

በ1947 ማይክል ሽቫርትስ የተባለ ፖላንድ የተወለደ ኬሚስት በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በሞለኪውሎች ትስስር ላይ ጥናት ያደርግ ነበር። ፓራ ዛይሊን የሚባለውን ኬሚካል በከፍተኛ ሙቀት ሲያፈርሰው ማሽኑ ቱቦ ውስጥ የትንሽ እባብ ቆዳ የመሰለ ስስ ሽፋን ተጋግሮ አገኘ። የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ነገር ግን አልጣለውም፤ አጠናው።

በኋላ የዩኒየን ካርባይዱ ዊሊያም ጎርሃም ነገሩን ለፋብሪካ የሚሆን አደረገው። ፓሪሊን ተባለ። ፓሪሊን እንደ ቀለም አይቀባም። አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ ጥሬው በሙቀት ይተናል፣ ከ600 ዲግሪ በላይ በሆነ እቶን ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ቀዝቃዛው ዕቃ ላይ በጋዝነቱ ያርፍና ፕላስቲክ ይሆናል። ጋዝ ስለሆነ ብሩሽ የማይደርስበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ውፍረቱ ከፀጉር ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት የልብ ምት ማስተካከያን በመሳሰሉ ሰውነት ውስጥ በሚቀበሩ መሣሪያዎችና በጠፈር ዕቃዎች ላይ ሥራ አገኘ።

እርሱም ቢሆን ነውር አለበት። የፀሐይ ጨረር ይጎዳዋል፣ ሥራው ዘገምተኛና ውድ ነው፣ ከለበሰ በኋላም በቀላሉ አይለቅም። የተበላሸ ቦርድ የሚጠግን ሰው መፋቅ ግድ ይሆንበታል።

▪️ ኪሳችን ውስጥ

የሞባይሉ ዘመን ሲመጣ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ቦርዱን ማልበስ ነው። ፒቱአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የወታደር ልብስን ከኬሚካል መሣሪያ ለመከላከል በተጀመረ ምርምር ላይ ተመሥርቶ ውሃን እንደ ጤዛ የሚያንከባልል ስስ ሽፋን ለስልክ አቀረበ። ይህ ለፍንጣቂ እንጂ ለመጥለቅ የሚሆን አልነበረም። ሁለተኛው መንገድ በላስቲክና በማጣበቂያ በሩን መዝጋት ነው። አምራቾች የበለጠ የሄዱት በሁለተኛው ነው።

"አይፒ 67" የሚለው ምልክትም በብዛት የመጣው ያኔ ነው። ትርጉሙ አቧራ የማያስገባ፣ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢቆይ የማይጎዳ ማለት ነው። ስለ ባሕር፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ እንፋሎት፣ ስለ ትኩስ ማኪያቶ የሚለው ነገር የለም። ማስታወቂያው ግን ሰው በስልኩ እየዋኘ ያሳየናል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰው። በ2020 የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ምክንያቱ የተነገረው የውሃ መቋቋም አቅም በላቦራቶሪ፣ በረጋና በንጹሕ ውሃ ብቻ የሚሠራ መሆኑ በግልጽ አለመነገሩ ነው፤ ዋስትናው ደግሞ በፈሳሽ የመጣ ጉዳትን አይሸፍንም ነበር። በ2022 የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት የሳምሰንግን የአገሩን ቅርንጫፍ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ። ማስታወቂያው ስልኮቹን በመዋኛ ገንዳና በባሕር ያሳይ ነበር፤ እርጥብ እያለ ቻርጅ የተደረገ ስልክ ግን መሰኪያው ሊዝግ ይችል ነበር። አያችሁ? እንደገና በሩ ላይ።

▪️ እና እኛስ?

እኛ ዘንድ ብዙው ስልክ ከውጭ በዘመድ እጅ የመጣ ወይም ያገለገለ ነው። ስክሪኑ ወይም ባትሪው አንዴ ከተቀየረ ፋብሪካ ያጣበቀው ማኅተም ተከፍቷል፤ እንደነበረ ካልተመለሰ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ታሪክ ሆኗል። ይህን ለገዢው የሚነግረው ሻጭ ስንት ነው? አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ሕግ አላጣንም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። የጎደለው የሚጠይቅ ሸማች ነው።

የገመዱ ሰዎች ባሕሩን፣ ወታደሮቹ ሻጋታውን፣ ሐኪሞቹ ሰውነትን አውቀው ነው ካባ ያሰፉት። እኛም "ውሃ የማያስገባ ነው" ሲሉን አሜን ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ከየትኛው ውሃ? ለስንት ጊዜ? ቢገባስ የሚከፍለው ማን ነው? ሦስተኛውን የማይመልስ ሻጭ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በልበ ሙሉነት ቢመልስም አትመኑት።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ስልኩን ከዝናብ አውጡት። ከረጠበም መጀመሪያ አጥፉት፤ ሩዙ ለምሳ ይቆይ።