ናቹራል ወይስ ሶሻል?

እብናት ላይ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» ተብሎ ይጠየቃል። በሁለተኛ ደረጃ ዘመኑ ምርጫ የሚባለው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

የሚገርመው ግን የዚሁ አገር የቆየ ትምህርት ምርጫን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ፊደልና ዳዊት ለሁሉም ግዴታ ናቸው፤ ንባብ ቤትን ሳያልፍ ወደ ላይ የሚወጣ የለም። ከዚያ በኋላ ተማሪው እንደ ዝንባሌው ይለያል፤ ድምፅ የተሰጠው ወደ ዜማ፣ ምስጢር የሚቆረቁረው ወደ ቅኔ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጣል። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ደብረ ታቦር፣ ለቅኔ ዓባይን ተሻግሮ ዋሸራ። መጻሕፍት ቤት ሲገባም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብሎ እንደገና ይከፈላል። (እንደ ቅኔዋ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ያሉ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር ሴት ልጅ የዚህ ምርጫ ተካፋይ አልነበረችም፤ ይህም ይታወቅ።)

በ1950ዎቹ «ኮምፕሬሄንሲቭ» የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲመጡ ሐሳቡ መልካም ነበር። ከቀለሙ ጎን ንግድ፣ እርሻ፣ የእጅ ሥራ፣ የቤት አያያዝ ገባ። አንዱ ታይፕ ይመታል፣ አንዱ መዝገብ አያያዝ ይማራል፣ ሌላው እንጨት ይልጋል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ግን ማትሪክ ነበር። ወላጅም ልጁን የላከው መሮ እንዲይዝ ሳይሆን ቢሮ እንዲገባለት ነው። ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የቀለጠበት አገር፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» እያለ ሲንቅ የኖረ አገርም ነውና።

ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነገሩን ለየው። የአሥረኛ ክፍል ፈተናን በጥሩ ውጤት ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ያልሆነለት ወደ ቴክኒክና ሙያ። ሙያ የምርጫ ስም መሆኑ ቀርቶ የውድቀት ስም ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሰባ ሠላሳ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ሰባ በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ተወሰነ። ልጁ የሚወደውን ትቶ ሰፊውን በር መቁጠር ጀመረ።

ውጤቱን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ማየት ይቻላል። ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከናቹራል 6.8 በመቶ፣ ከሶሻል 1.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ያስደነግጣሉ። የሶሻሉ ግን ሌላም ነገር ይናገራል፤ ክፍሉ ታሪክን ከሚወዱት ይልቅ ፊዚክስን የሸሹት መጠለያ ሆኖ ቆይቷል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርትን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መልሷል። በክልሉ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት መሆኑ ነው ክፋቱ። የድጓው ተማሪ ያን ሁሉ ተጉዞ ዙር አምባ ሲደርስ፣ ዝማሬ የሚያውቅ መምህር ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። የእብናቱ ልጅ ሙያ መርጦ ክፍል ሲገባ ማን ይጠብቀዋል?